ለኪራይና ለደመወዝ የሚሆን አጭር ቃል

አራት ኪሎ ላለ አንድ ማኅበር ስለ ኑሮ ውድነት መጽሔት እያረምኩ ነው። የንግዱ ገጽ አላስቸገረኝም፤ የውጭ ሽያጫችን ከግዢያችን ሲያንስ «የንግድ ሚዛን ጉድለት» ይባላል፣ አለቀ። የጨነቀኝ የቤት ኪራይና ደመወዝ የሚነጻጸሩበት ገጽ ነው። «ልዩነት» ብዬ ሞከርኩ፤ ተቀንሶ የሚገኝ ቁጥር መሰለ። «መዛባት» ስል ባልደረባዬ «ሆርሞን ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ በብዛት የምንሰማው ሆርሞን ወይ ዝናብ ሲዛባ ነው። «መበላለጥ» ደግሞ የጎረቤት ፉክክር ይሸታል። «አለመመጣጠን» ልክ ነው፣ ግን ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ቃሉ ለሁለት ይሰበራል፤ ያ ደግሞ ሲያስጠላ! ኪራዩ ሲሮጥ ደመወዙ እዚያው መቅረቱን ባጭሩ የሚናገር ምን ቃል ልጠቀም?