ታናሽ ወንድሜ ግብርና ይግባ ወይስ ይቅርበት?

የመርካቶው፦
ሰላም ቤተሰብ። ቤታችን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጦርነት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሶ የትምህርት ክፍል ምርጫ ላይ ደርሷል። ውጤቱ ጤናም ኮምፒዩተር ሳይንስም አያስገባውም። የቀሩለት ዕፅዋት ሳይንስ፣ ደን፣ ሆርቲካልቸር (አትክልትና ፍራፍሬ) እና ምግብ ሳይንስ ናቸው። አባታችን «የገበሬ ልጅ ግብርና ቢማር ምን ነውር አለው» ይላል። እኔ ደግሞ አይገባም ብዬ ድርቅ ብያለሁ፣ ምክንያቱም ገብቼበት አይቼዋለሁ። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተምሬ በ2010 ተመረቅኩ፣ ዛሬ መርካቶ የስልክ ከቨር እሸጣለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ አፈር ተምሬ አካፋ የያዝኩት ሁለቴ ነው፣ ያውም አንዱ ለፎቶ። ስለዚህ ጥያቄዬን በቀጥታ ላስቀምጠው፦ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለን፣ አብዛኛው ግብርና ያስተምራል። ግማሹ ቢዘጋ ማን ይጎዳል? እኔ ማንም አይጎዳም ባይ ነኝ።

ሰብል ጤና፦
ማንም? ቀበሌ ድረስ ናና ይሄን ንገረን። አምስት ዓመት የልማት ሠራተኛ ነበርኩ፣ አሁን ወረዳ ነኝ። በአንድ ቀበሌ ሦስት ሰው ይመደባል፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ችግሩ መብዛታችን አይደለም፣ ሌላ ሥራ መሥራታችን ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ሰብስቤያለሁ፣ መዋጮ ሰብስቤያለሁ፣ ለስብሰባ ቤት ለቤት ቀስቅሻለሁ። ገበሬው ከሩቅ ሲያየኝ በጓሮ የሚሾልክበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ዋግ፣ ስለ ስንዴ በሽታ ባወራው ይሰማኛል? ግን ደግሞ በ2002/03 መኸር ቢጫ ዋግ መጥቶ ኩብሳ የሚባለውን ስንዴ ሲፈጀው፣ ቅጠሉን ገልብጦ አይቶ «ዛሬ ካልረጨህ ነገ ማሳ የለህም» የሚል ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው ከሰማይ አይወርድም።

የመርካቶው፦
ዕዳ ለመሰብሰብ ዲግሪ አያስፈልግም ማለትህ ነው እንግዲህ። ተስማማን ማለት ነው 😄

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የሐረማያ የግብርና ኮሌጅ የተቋቋመው ከኦክላሆማ በመጡ አሜሪካውያን እገዛ ነው። ጃንሆይ መርቀው የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. ነበር። ሐሳቡ እነሱ አገር የተለመደው ነው፦ ኮሌጁ ያስተምራል፣ ራሱ ይመራመራል፣ ያገኘውንም ራሱ ለገበሬው ያደርሳል። መምህሩ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያለውን ከሰዓት ማሳ ላይ ይፈተንበታል። እኛ ጋ ይሄ ብዙም አልቆየ። ገበሬውን የማስተማሩ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ፣ ምርምሩ በ1958 ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ፣ ኮሌጁ ጋ የቀረው ጥቁር ሰሌዳው ነው። አንዱ ቤት ሦስት ቤት ሆነ፣ ሦስቱም የየራሱ አለቃና በጀት አለው። የመርካቶው ልጄ አካፋ ሁለቴ ብቻ የያዘው በዚህ ነው። እኔም በጠመኔ ጤፍ ሲያበቅሉ ከኖሩት አንዱ ነኝ፣ አልክድም። ግን ኮሌጁን ስለዘጋችሁት ሦስቱ ቤት አይገናኝም።

የጅማዋ፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ተለያይቶም የሠራበት ጊዜ አለ። በፈረንጆች 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ አለቀ። የጅማ ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? በሽታው ባለበት አካባቢ እየዞሩ እሱ ያልነካቸውን እናት ዛፎች ፈልገው መረጡ። 74110፣ 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። ዛሬ ውጭ አገር ውድ ቡና ቤት ብትገቡ ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ ታነቡታላችሁ። የመርካቶው፣ እነዚያን ሰዎች ያስተማራቸው ማን ይመስልሃል?

የመርካቶው፦
አውቄው ነበር። ቀጥሎ ገቢሳ እጄታን ልትጠሩብኝ ነው፣ ላሳጥርላችሁ። አዎ፣ ሐረማያ ተምሯል፣ ድርቅንና አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥቷል፣ በፈረንጆች 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስዷል። ግን የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የወጣው ሱዳን ነው፣ የቀረው አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። እኔ ስለ አንድ ገቢሳ አላወራም፣ ስለ ሺዎቻችን ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሰባ ሠላሳ ተብሎ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲታጎር፣ ኢንጂነሪንግ ያልደረሰው ሁሉ እኛ ላይ ተራገፈ። ክፍላችን ውስጥ «ግብርናን አንደኛ ምርጫ ያደረገ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት ሰው እጁን አወጣ። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቶ ነው የሞላው።

ምግብ ሳይንስ ነኝ፦
😂😂 ያ ሁለተኛው እኔ ጋም ነበር። በነገራችን ላይ እኔ በፍላጎቴ ነው የገባሁት። ስመረቅ አክስቴ «ይሄ ሁሉ ዓመት ወጥ ለመማር ነው?» አለችኝ። ሥራ ግን አገኘሁ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ጥራት ቁጥጥር። እዚያ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ላብራቶሪ አለ፣ ቁልፉ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነው። የተቀጠርኩት ለፈቃድ ባለሙያ ስለሚጠየቅ ነው፣ ስሜን ነው የፈለጉት። ስድስት ወር ታገስኩና ወጣሁ። አሁን ያለሁበት ይሻላል። በርበሬ ሚዛን እንዲደፋ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ያ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል፣ አፍላቶክሲን ደግሞ ስትቆላውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ጉበት ነው የሚበላው። ይሄን የሚለካ ሰው በየከተማው የለም እኮ። አንተ ዝጉ ትላለህ።

ወንዶ ገነት፦
የደን ሰው ነኝ፣ ተራዬን ስጡኝ። ደን የተማረ ሥራ አጥቶ በሚንከራተትበት አገር በየክረምቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተከልን እንላለን። የመትከያው ቀን ይታወጃል፣ የመኮትኮቻው ቀን አይታወጅም። ሌላ ደግሞ። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ የሚባል ወረዳ አለ። ገበሬው ራሱ ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሃሉ ጤፍ ዘርቶ፣ ሲያድግ ቆርጦ ከሰል እያከሰለ ኑሮውን ቀየረ። ከእኛ ብዙም ምክር አልጠየቀም፣ የመርካቶው ደስ ይበልህ። ግን አካባቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆነ። በቅርብ ዓመታት በሽታ ሲገባበት ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እንዳይሻገር የሚያግደው ነገር አልነበረም። አንድ ዛፍ ብቻ አትትከሉ የሚለውን የደን ተማሪ ገና ጀማሪ ሳለ ነው የሚሰማው።

መሬት አልባው፦
ሁላችሁም ዙሪያውን ትዞራላችሁ። ሐኪም ተምሮ ክሊኒክ ይከራያል። ግብርና የተማረ በምን ላይ ያርሳል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። አባቴ ሁለት ጥማድ አለው፣ ልጆቹ አምስት ነን። ባንክ ሄጄ ለዶሮ እርባታ ብድር ጠየቅኩ፣ መያዣ ምን አለህ አሉኝ፣ ዲግሪዬን አሳየኋቸው። ልጅቷ ሳቋን ለመያዝ ስትታገል አየኋት።

ሰብል ጤና፦
አንቀጹ ባይኖር ሁለቱም ጥማድ ዛሬ የአባትህ ባልሆነ ነበር። ግን ይሄን ከጀመርን እስከ መስቀል አናልቅም፣ ይቅር።

መሬት አልባው፦
ይቅር ስትል አሸነፍክ ማለት አይደለም።

አባ ጓሮ፦
ይቅርታ ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ላቋርጥ። ሁላችሁም ግብርና ተምረናል ስላላችሁ ነው። ጓሮዬ አንድ አቮካዶ አለኝ፣ ስድስት ዓመቱ። ዘንድሮ አበባው ዛፉን ሸፈነው፣ ከዚያ እርግፍ። አንድ ፍሬ የለም። ምን ላድርግ?

የመርካቶው፦
ዩሪያ አንሶት ይሆናል አባባ።

የጅማዋ፦
ኧረ በናትህ አንተ ከቨርህን ሽጥ።

ሆርቲ፦
አባባ፣ አበባው መርገፉ ብቻውን አያስደንግጥዎ፣ የአቮካዶ አበባ ከመቶ አንዱ እንኳ ፍሬ አይሆንም። ግን ጭራሽ ከሌለ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አቅራቢያ ሌላ አቮካዶ አለ? አበባው ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው፣ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ ተዘግቶ በማግስቱ ደግሞ እንደ ወንድ። ሃስ የሚባለው የአቮካዶ ዓይነት ጠዋት ሴት ነው፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ። ኤቲንገርና ፉየርቴ የሚባሉት ዓይነቶች ደግሞ ተገላቢጦሽ ናቸው፣ ስለዚህ ሁለቱ ዓይነት ሲጎራበት ነው በደንብ የሚያፈራው። ሁለተኛው ንብ ነው። በአበባ ሰዓት እርስዎ ወይም ጎረቤት ፀረ ተባይ ረጭታችኋል?

የመርካቶው፦
ይሄን የት ነው የተማርሽው?

ሆርቲ፦
ሁለተኛ ዓመት። ተመድቤ ነው የገባሁት፣ አንደኛ ምርጫዬ ፋርማሲ ነበር። መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም። ችግኝ ጣቢያ ለልምምድ ስሄድ ነው የተለወጥኩት፣ አንድ ሰውዬ በቀን ስንት ችግኝ እንደሚያዳቅል ስታይ ክፍል ውስጥ ያለው አስተማሪህ ያሳዝንሃል። መምህር ይቅርታ 🙏

ጡረተኛው መምህር፦
ምንም አይደለም ልጄ፣ እውነት ነው።

ምግብ ሳይንስ ነኝ፦
ቆይ ግን፣ ከጠዋት ጀምሮ ስለ አንድ ልጅ እንጨቃጨቃለን። ልጁ ራሱ ምን ይላል?

የመርካቶው፦
ተኝቷል። ቅጹ የሚዘጋው ነገ አሥር ሰዓት ነው።

አባ ጓሮ፦
ሃስ ይሁን ሌላ አላውቅም ልጄ። በልቼ የጣልኩት ፍሬ ነው የበቀለው። ጎረቤትም አቮካዶ የለውም፣ መድኃኒትም አልረጨንም።

ሆርቲ፦
ከዘር የበቀለ ከሆነ ገና ልጅ ነው አባባ፣ ስድስት ዓመት ላይበቃው ይችላል፣ እንዳይቆርጡት። በእናቱ ዓይነት ላይወጣም ስለሚችል የአበባውን ፎቶ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ አንስተው ይላኩልኝ።