የዱባይ ሲሜ ቱሉ ዲምቱ ላይ ኮድ አልቀበል አለኝ

ሰላም ናችሁ? ዱባይ ሆቴል ውስጥ በጽዳት በሁለት ዓመት ኮንትራት ነው የምሠራው። አሁን ለ30 ቀን እረፍት አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ እናቴ ጋ ነኝ። ደሞዜ እዚያው ባንክ ይገባል። ከባንኩ አፕ ገንዘብ ልልክ ስል ማረጋገጫ ኮዱን ወደ ዱባይ ቁጥሬ ይልካል። ኮዱ ግን አይመጣም።

ሲሙ ቅድመ ክፍያ ነው። ከመምጣቴ በፊት ሮሚንግ (ሲሙ በሌላ አገር ኔትወርክ እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት) አላስከፈትኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ ከስልኩ ሴቲንግ አበራሁት። ኔትወርክ ስፈልግ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ይታያሉ፤ ስመርጣቸው እምቢ ይላል። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ስልኩን ሰቅዬ ቆሜ እናቴ "ውሃ መጣ፣ ጀሪካን አምጪ!" እያለች ትጮሃለች። ሲሙን በወንድሜ ስልክም ሞከርኩት፣ ያው ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከዚያ 20 ድርሃም ሞልታልኛለች።

የሲሙ ድርጅት ጋ በኢትዮጵያ ቁጥሬ ደወልኩ። ማንነትሽን ለማረጋገጥ ኮድ እንላክልሽ አሉኝ። ወዴት? ወደዚያው ሲም! በባንኩ አፕ ቁጥር ልቀይር ብልም ያው ኮድ ይጠይቃል።

የአልጋ ኪራዬን የዚህን ወር ልጅቷ ከፍላልኛለች፤ የሚቀጥለውን ግን አትችልም። መመለሻ ትኬቴ ገና 19 ቀን ይቀረዋል።

ሮሚንግ ሳታስከፍቱ መጥታችሁ፣ እዚሁ አገር ቤት ሆናችሁ የዱባይ ሲማችሁን ያስነሳችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት?