ጀሪካን ሲገባ የሚሆመጥጠው ጠላ፤ ጥፋቱ የበርሜሉ ነው ወይስ የጎማው?

ጥያቄ፤ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለቤተሰብና ለጽዋ ማኅበር የሚሆን ጠላ በየጊዜው በቤቴ እጠምቃለሁ። እናቴ በጋን ትጠምቅ ነበር፤ እኔ ግን ጋን ማንሣትና ማጠብ ስለከበደኝ ካለፈው ዓመት ጀምሮ 60 ሊትር በሚይዝና ከታች ቧንቧ በተገጠመለት የፕላስቲክ በርሜል እደፈድፋለሁ፤ ሲደርስም ሁለት ሜትር በሚሆን ጎማ ወደ ጀሪካኖች አወርደዋለሁ። ጌሾው ቧንቧውን ሲደፍነው ጎማውን በአፌ ስቤ አስጀምረዋለሁ። ከሥራ በኋላ በርሜሉን በዱቄት ሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥባለሁ፤ ጎማውን ግን ውሃ አሳልፌበት ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ።

የቸገረኝ ነገር ይህ ነው። ጠላው በርሜል ውስጥ ሳለ ጣዕሙ ያማረ ሲሆን፣ ጀሪካን ከገባ በሦስተኛው ቀን ይሆመጥጣል፤ ከላዩም ስስ ነጭ ሽፋን ያበጃል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን በብቅሉ ባመካኘሁ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ደረሰብኝ። ሁለተኛው ደግሞ ለሚካኤል ማኅበር ተራዬ የጠመቅሁት ስለነበር፣ አባላቱ በይሉኝታ ዝም ብለው ሲጠጡ ማየት ከመሰደብ ይልቅ ከበደኝ። ጥፋቱ የበርሜሉ ነው ወይስ የጎማው? በረኪና መጠቀምስ ይቻላልን፣ ልኩስ ምን ያህል ነው? የፕላስቲክ በርሜልን እንደ ጋን ማጠን ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ።

መልስ፤ ከደምበጫ

ወንድምዓለም፣ ከሁሉ አስቀድመህ በአፍ መሳቡን ተው። የሰው አፍ የቱንም ያህል ቢታጠብ ጠላ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

እኛ ጋኑን የምናዘጋጀው በሁለት ሥራ ነው፤ ሁለቱም አንዱ ሌላውን አይተካም። በመጀመሪያ የግራዋ ቅጠል ከውሃ ጋር ጨምረን፣ የቀድሞው አተላ ከሥሩና ከአንገቱ እስኪለቅ ድረስ ደጋግመን እንፈትገዋለን፤ የመጨረሻው እጣቢ ጥርት ብሎ ካልወጣ ወደ ጢስ አንሄድም። ከዚያ በኋላ ነው የወይራ እንጨት ወይም ጥንጁት አጭሰን ጋኑን በላዩ ደፍተን፣ ውስጡ ደርቆ ጢሱን እስኪጠጣ የምናጥነው። ዛሬ ብዙ ሰው ፍትጊያውን አሳጥሮ ጢሱን ያበዛል፤ አተላ ላይ የተጨሰ ጢስ ግን ሽታውን ከመሸፈን ያለፈ ነገር አይሠራም።

ፕላስቲክን ስለማጠን ለጠየቅኸው፣ እኔ አልመክርህም። ለእሳት ሲቀርብ ይጣመማል፤ ሸክላ ጢሱን በቀዳዳዎቹ እንደሚጠጣው ፕላስቲክ አይጠጣውም፤ የሚተርፍህ ጥቀርሻ ብቻ ነው። የወይራው መዓዛ እንዳይቀርብህ ከፈለግህ ጥንስሱን በትንሽ የታጠነ እንስራ ጣለውና፣ ሲነሣ ወደ በርሜሉ ገልብጠው። ስለ በረኪናው የሚያውቅ ይንገርህ፤ በጋን ላይ ግን እንዳታደርገው፤ ሸክላው መጥጦት ለስንት ጥምቅ ሲሸትህ ይኖራል።

መልስ፤ ከባሕር ዳር

እትዬ ከደምበጫ የተናገሩት ማጠብና ተህዋስያንን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው፤ የጠያቂው ችግርም ከዚሁ ይጀምራል። ለብዙ ዓመታት በመጠጥ ማምረቻ ውስጥ የቧንቧ መስመሮችን በማጽዳት ሥራ ላይ ስለቆየሁ፣ የማውቀውን ለቤት በሚሆን መልኩ ላካፍል።

እርሾና ባክቴሪያ በጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲቀመጡ ከአተላው ጋር ተጣብቀው የሚያሙለጨልጭ ስስ ልሃጭ ይሠራሉ፤ በረኪናም ሆነ ሌላ መድኃኒት የላይኛውን ክፍል እንጂ ከልሃጩ ሥር ያለውን አያገኝም። በፋብሪካ ይህ ልሃጭ የሚነሣው ትኩስ የኮስቲክ ሶዳ (ጠንካራ የማጽጃ ኬሚካል) ውሃ በሰከንድ 1.5 ሜትር ገደማ ፍጥነት በመስመሩ ውስጥ ስለሚገፋ ነው። ከበርሜል ወደ ጀሪካን በቁልቁለት የሚወርድ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ፍጥነት አይደርስም። ስለዚህ ጎማ ውስጥ ውሃ ማሳለፍ አተላውን ያለቀልቀዋል እንጂ አያጥበውም። በቤት የሚያዋጣው ጠንካራ ሲባጎ ጫፍ ላይ ጨርቅ ቋጥሮ፣ በሳሙና ውሃ ነክሮ፣ በጎማው ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ መጎተት ነው። ጎማው የማያስተላልፍ ቀለም ካለው ጨርቁ ምን ይዞ እንደሚወጣ ሲያዩ ይደነግጡ ይሆናል።

ሳሙና የማያነሣው ነገር ሲያጋጥም ጎማውን መጣል ይሻላል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ቢሆንም ለመጠጥ ተብሎ የተሠራ አይደለምና ይተዉት። ሙቀት የሚችል የሲልከን ጎማ ካገኙ በረኪና ሳያስፈልግዎ በድስት መቀቀል ይችላሉ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ግን አያሳስብዎ፤ ጠላ የሚያበላሹት ባክቴሪያዎችና የዱር እርሾዎች 70 ዲግሪ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። ውሃው ጎማውን እስከ ውስጡ ሞልቶት 10 ደቂቃ ቢፈላ ይበቃል። ከዚያም ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች እንዲሆኑ አድርገው ይስቀሉት፤ ውሃ ያቆረ ጎማ በማግስቱ ሌላ ጥንስስ ነው።

ለበርሜሉ በረኪና ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ገደማ ይበቃል። ገጹን ሁሉ እያራሰ 15 ደቂቃ ይቆይ፤ ቀጥሎም ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁት። ይህ ማለቅለቅ ለታጠነ ጠላ በተለይ ያስፈልጋል፤ ጢስ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉ ውሁዶች ከተረፈ ክሎሪን ጋር ሲገናኙ የመድኃኒት ቤት ሽታ ያመጣሉ፤ ጥቂቱም ይታወቃል። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የብረት ዕቃ ካለዎትም ነክረው አያሳድሩበት፤ የማይዝግ የሚባለውንም ይበሳዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በርሜሉ ውስጥ ደኅና የነበረ ጠላ ጀሪካን ውስጥ ከተበላሸ፣ ከበርሜሉ ይልቅ በመካከል ያለውን መንገድ እጠረጥራለሁ። በግምት ከምንከራከር ግን ይሞክሩት። በሚቀጥለው ጊዜ በተቀቀሉ አራት ጠርሙሶች ይቅዱ፤ አንዱን ከበርሜሉ አፍ በተቀቀለ ጭልፋ፣ ሁለተኛውን ከቧንቧው በቀጥታ፣ ሦስተኛውን ከቧንቧው በአሮጌው ጎማ፣ አራተኛውን ከበርሜሉ አፍ በአዲስ የተቀቀለ ጎማ። እስከ አንገታቸው ይሙሏቸው፤ ክዳናቸውን አያጥብቁት፤ ጠላው ገና ስለሚፈላ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። በየቀኑ ይቅመሱ። ጠላ መቼም ላክቲክ ከሚባለው አኮምጣጭ ባክቴሪያ ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ ጥቂት ኮምጣጣነት ባሕርዩ ነው፤ የሚፈልጉት የትኛው ቀድሞ እንደሚለወጥ ነው።

ከጠያቂው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጎማውን ስጎትተው ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ስለዚህ ያለ ጥርጥር ጎማው ነው ብዬ ነበር። ሆኖም ለጠርሙሶቹ ብዬ ሳልጥለው አቆየሁት።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በጭልፋ የቀዳሁትና በአዲሱ ጎማ ያወረድሁት እስከ አምስተኛው ቀን ደኅና ቆዩ። በአሮጌው ጎማ የወረደው በሁለተኛው ቀን ሆመጠጠ፤ ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት ጎማ ሳይነካው ከቧንቧው በቀጥታ የቀዳሁት በሦስተኛው ቀን መበላሸቱ ነው። ቧንቧውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከበርሜሉ ፈትቼ ባየው፣ ከጎማ ቀለበቱ ኋላ የጌሾ ስብርባሪና ጥቁር ልሃጭ ተጠቅጥቆበታል። አንድ ዓመት ሙሉ በርሜሉን ሳጥብ ያንን አንድም ቀን አልፈታሁትም። እትዬ፣ በአፍ መሳቡንም ትቻለሁ።

መልስ፤ ከባሕር ዳር

ቧንቧውን በእያንዳንዱ ጊዜ ፈትተው፣ ቀለበቱን ለብቻ አውጥተው በጡጦ ብሩሽ ይፈትጉት፤ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ይለውጡት። በርሜሉንም በሽቦ አይፍተጉ፤ ጭረቱ ውስጥ የሚገባውን በኋላ በረኪና አያወጣውም።

መልስ፤ ከደምበጫ

እኔ ከሆንሁ ቀዳዳውን ደፍኜ ከላይ በጭልፋ እቀዳ ነበር። ያም ሆነ ይህ ለሚቀጥለው ተራህ ጥንስሱን በእንስራ ጣለው፤ ጥንጁቱን ካጣህ ወይራ ይበቃል።