ነርሴስ የሚለው የአርመኖች ስም፦ ትርጉሙን የሚያውቅ አለ?

የግሌንዴሉ፦
ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ግሌንዴል ነው፤ አርመን የሞላበት ከተማ። አብሮኝ የሚሠራ አርመን ጓደኛዬ ወንድ ልጅ ተወልዶለት «ነርሴስ» ብሎ ስም አወጣለት። የአያቱ ስም ነው። ቅዳሜ ክርስትና ጠርቶኛል። እኔ በዚህ ስም የማውቀው ሙዚቀኛውን ነርሲስ ናልባንዲያንን ብቻ ነው። አባቴ የብሔራዊ ቴአትር ነገር ከተነሳ እሱን ሳይጠራ አያልፍም ነበር። ስሙ ምን ማለት ነው? ሌላስ እነማን ተጠርተውበታል? ካርዱ ላይ አንድ ቁም ነገር መጻፍ ፈልጌ ነው።

ክራር ወዳጅ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ! አባትህ እውነታቸውን ነው። ነርሲስ የኬቮርክ ናልባንዲያን የወንድም ልጅ ነው። ኬቮርክ ማለት እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ፣ «አርባ ልጆች»ን የመራው፣ የ«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ዜማ ደራሲ። ነርሲስ ደግሞ የኛን ዜማ ለትልቅ ባንድ እያቀናበረ ስንቱን ሙዚቀኛ አስተማረ። ያረፈው በ1977 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። የስሙን ነገር የሚያውቅ ይመልስልህ።

የፒያሳዋ፦
ልጄ፣ ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካው። ያደግኩት ፒያሳ ነው። ጎረቤታችን አርመን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እማማ ነበር የምንላቸው። ሰዓት በሞላ ቁጥር ሲንጀራቸውን ያቆማሉ። መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ይሰካሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ አንቀጽ ጸሎት በቃላቸው ይላሉ። «ሃቫቶቭ ኾስቶቫኒም» ብሎ ይጀምራል፤ «በእምነት እመሰክራለሁ» ማለት ነው። 24 አንቀጽ ነው፤ ለቀኑም ለሌሊቱም ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ አንድ።

የዚያ ጸሎት ደራሲ ነርሴስ ሽኖርሃሊ ነው። ከ1166 እስከ 1173 የአርመን ካቶሊኮስ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናቸው ዋና አባት ነበር፤ መንበሩም ኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ ህሮምክላ በሚባል ምሽግ። ሊቅ ሆኖ ሳለ ተራው ሰው በቃሉ የሚይዘውን መጻፉ ነው እኔን የሚገርመኝ። «ሽኖርሃሊ» ቅጽል ስሙ ነው፤ «ሽኖርህ» ማለት ጸጋ ነው። አርመኖች ሲያመሰግኑ የሚሉት «ሽኖርሃካሉትዩን»ም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው።

ስሙ ራሱ ከፋርስ የመጣ ነው። ከ293 እስከ 302 ፋርስን የገዛ ናርሴ የሚባል ንጉሥ ነበር። ከዚያም በፊት በጥንቱ እምነታቸው የአምላክ መልእክተኛ ስም ነበር። አርመኖች ጋ የክርስቲያን ስም ሆኖ ሥር የሰደደው ግን በታላቁ ነርሴስ ይመስለኛል። በአራተኛው መቶ ዘመን ካቶሊኮስ ሆኖ ለድሆች፣ ለለምጻሞች፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች መጠለያ አሠራ። ልጁ ሳሃክ ደግሞ መስሮፕ ማሽቶትስ በ405 ገደማ የአርመንን ፊደል ሲቀርጽ አጠገቡ ሆኖ የደገፈው ነው። አባት ለድሃ፣ ልጅ ለፊደል!

በ552 ጣሊያን ውስጥ ጎቶችን ድል የነሳው የቢዛንታይን ጄኔራል ናርሴስም ትውልዱ አርመን ነው። በሰባተኛው መቶ ዘመን ደግሞ ዝቫርትኖትስን ያሳነጸው «ግንበኛው» ነርሴስ አለ። ካቴድራሉ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ስሙን ግን የየሬቫን አውሮፕላን ማረፊያ ይዞታል።

የግሌንዴሉ፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የጓደኛዬ የቤተሰብ ስም ነርሲስያን ነው። እሱም ከዚሁ ነው?

የፒያሳዋ፦
አዎ ልጄ። «ያን» የወገን ምልክት ነው፤ የነርሴስ ልጆች እንደማለት። ልጁ በየትኛው ነርሴስ እንደተሰየመ ግን ጓደኛህን ጠይቀው። ካርዱ ላይ «ጸጋ ይብዛልህ» በለው፤ በአማርኛ ጻፈው።

የግሌንዴሉ፦
ጠየቅሁት። ገና ሳልጨርስ «ሽኖርሃሊ» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሟች እናቱን ድምፅ ከፈተልኝ። ቀስ ብለው ያነባሉ፤ መጀመሪያው ላይ «ሃቫቶቭ» የሚለውን ለየሁት። እርስዎ ባይነግሩኝ ዝም ብዬ ነበር የማልፈው።