ወላጅ ስብሰባ ስንጠራ ሰው አይመጣም፣ እናንተ ጋ ምን አድርጋችሁ መጣላችሁ?

የ5ኛ ለ እናት

እንዴት ናችሁ የባህር ዳር ልጆች። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ዘንድሮ ልጄ በሚማርበት የመንግስት ትምህርት ቤት (ከ1 እስከ 8 ነው) ወተመህ ውስጥ ተመረጥኩ። ተመረጥኩ ማለትም ይከብዳል፣ ስብሰባ ላይ "ሽንት ቤቱ ለምንድነው ውሃ የሌለው" ብዬ ስለጠየቅኩ "በቃ እሷ ትናገራለች እሷ ትግባ" ተባልኩና ገባሁ። ለማያውቀው፣ ወተመህ የወላጅ የተማሪና የመምህር ህብረት ነው፣ ድሮ ወመህ የምንለው ተማሪ ተጨምሮበት።

እና ባለፈው ወላጅ ጠራን። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ተብሎ ደብዳቤ በልጆቹ ተላከ። ከዛ ሁሉ ወላጅ የመጣው 23 ሰው ነው፣ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ፣ ወንዶቹ አራት፣ ከአራቱ ሁለቱ ጡረተኛ አባቶች። ገና መዋጮ የምትለዋ ቃል ስትነሳ ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት ነጠላቸውን እያስተካከሉ አንድ ባንድ ወጡ። ዳይሬክተሩ ወደኔ ዞር ብሎ "አየሽ፣ ወላጁ ፍላጎት የለውም" አለኝ። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። እነዚሁ ሰዎች እኮ እድር ላይ ቀርተው አያውቁም፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሱ ናቸው፣ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው አውቃቸዋለሁ።

ደብዳቤውን ደግሞ እኔ ራሴ ከልጄ ቦርሳ ስር ያገኘሁት ከስብሰባው ሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ሙዝ ተጨፍልቆበት። አባል ስለሆንኩ ነው እንጂ እኔም ከቀሩት ጋር ነበርኩ።

እስቲ እናንተ ጋ ምን ተደርጎ ነው ወላጅ የመጣው? መቼ ነው የምትጠሩት? ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ በአዘቦት ሰው ስራ ላይ ነው፣ መላው ጠፋኝ። ብቻ በናታችሁ "ግንዛቤ ማስጨበጥ" እንዳትሉኝ፣ እሱን በየስብሰባው ጠግቤዋለሁ።

ጠመኔ

እህቴ እኔ መምህር ነኝ፣ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ዘንዘልማ መስመር ነኝ። ጥፋቱ ከኛ ነው ብል አላፍርም። አስቢው እስቲ ወላጅ የምንጠራው መቼ ነው? ልጁ ሲደባደብ ወይ መስኮት ሲሰብር "ወላጅ ይዘህ ካልመጣህ አትገባም" እንላለን፣ ወይ ደግሞ ብር ስንፈልግ ነው። ከዛ ውጪ ካርድ ላይ አስፈርሞ መመለስ ብቻ። ስለዚህ ሰውየው ከትምህርት ቤት ትፈለጋለህ ሲባል ወይ ሊሰደብ ወይ ሊከፍል እንደሆነ ያውቀዋል፣ እኔም ብሆን አልሄድም።

እኔ ያደረኩትን ልንገርሽ። የ3ኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ሆኜ 64 ልጅ ነበረኝ። በሳምንት ለአምስት ወላጅ እደውላለሁ፣ በራሴ ካርድ ነው (ደሞዛችንን ታውቁታላችሁ)። የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ልጁ በዛ ሳምንት የሰራው ጥሩ ነገር። አንዷ እናት ስልኩን እንዳነሳች ሰላም እንኳ ሳትለኝ "ምን አጠፋ?" ነው ያለችኝ። ኧረ ምንም አላጠፋም፣ ዛሬ ማካፈል ያልገባውን ጓደኛውን ሲያስረዳው ስላየሁት ነው ስላት ዝም አለች፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል ቆየሁ። ያቺ ሴትዮ ከዛ ወዲህ አንድ ስብሰባ አልቀረችም፣ ጎረቤቷንም ይዛ ትመጣለች።

ሁለተኛው፣ ስብሰባውን ከንግግር አውጡት። እኔ ያደረኩት እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ ከራሱ የአማርኛ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ቀስ ብሎ እንዲያነብ ነው፣ ሰው ፊት ቆሞ አይደለም፣ ኮምባይንድ ዴስኩ ላይ እንደተቀመጡ። መጽሐፍ ስለማይበቃ በየተራ ነበር። እናንተዬ፣ ስንቱ አባት "ልጄ 7ኛ ወጥቷል" እያለ ሲመካ ከርሞ ልጁ ፊደል እየቆጠረ ሲንተባተብ ያየው ያኔ ነው። እኛ አገር ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንተኛ ወጣህ ነው፣ ማንበብ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። 64 ልጅ ሁሉም ቢንተባተብ እንኳ አንዱ 1ኛ መውጣቱ አይቀርም አይደል።

"እኔ ያልተማርኩ ሰው ምን አውቄ ልከታተል" የሚሉትንም ይሄ ነው የመለሰልኝ። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ልጇ እየተደናቀፈ ሲያነብና ውሃ ሲጠጣው ለይታ ትሰማለች፣ ጆሮ ነው የሚያስፈልገው። ማታ ማታ ቡና ስታፈዪ 10 ደቂቃ ያንብብልሽ ነው የምላቸው፣ ሌላ የቤት ስራ አልሰጣቸውም።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነው ሲባል አገሩ በሙሉ ደነገጠ፣ በ2015ም 3.2 ሆነ። እኔ የ3ኛ ክፍል መምህር ስለሆንኩ ብዙም አልደነገጥኩም፣ 12ኛ የሚወድቀው ልጅ እኔ ክፍል ውስጥ ሳያነብ ያለፈው ነው።

ባለ ሶስት እግር

ሁሉም ጥሩ ነው ግን የብሩን ነገር አታድበስብሱት። እኔ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ አንድ ጠዋት ስብሰባ ብቀመጥ የዛን ቀን ገቢ ከሰርኩ ማለት ነው፣ ነዳጅ ሰልፍ ያደረን ሰው ሐሙስ 3 ሰዓት ና ትለዋለህ እንዴ። እሺ እሱም ይቅር። አምና ለአጥር ተብሎ 150 ብር ከፍያለሁ፣ ሁለት ልጅ ስላለኝ 300። አጥሩስ? ድንጋዩ ግቢው ጥግ ተቆልሎ ክረምት አለፈበት ሳር በቅሎበታል። የት ገባ ብሎ የጠየቀ ወላጅ "ልማት አደናቃፊ" ነው የተባለው።

እድር እድር ትላላችሁ፣ እድር ለምን ሰው እንደማይቀርበት ታውቃላችሁ? ቀሪ ስለሚቀጣ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያዡ ተነስቶ ገቢ ይሄን ያህል ወጪ ይሄን ያህል ብሎ ያነባል፣ ያልገባው እጁን ያወጣል፣ ድስት ከጠፋ ድስቱ ይጠየቃል። ትምህርት ቤት ሄጄ ያንን ካየሁ እኔም እመጣለሁ።

የ5ኛ ለ እናት

ወንድሜ ባለ ሶስት እግር፣ ቆይ ሳር የበቀለበት ድንጋይ ያልከው በሩን ስትገባ በስተግራ ነው? አባይ ማዶ ነህ እንዴ?

ባለ ሶስት እግር

አዎ አባይ ማዶ። ወይ ጉድ፣ አንቺ ነሽ የሽንት ቤቷ ሴትዮ?

የዘጌ ልጅ

ሃሃሃ ተገናኙ! እኔ ደግሞ ከባሕሩ ማዶ ልጨምር። ያደኩት ዘጌ ነው። እኛ ጋ ማረስም ዛፍ መቁረጥም ከጥንት የተከለከለ ስለሆነ ኑሮው ቡና ነው፣ ቡና ሲደርስ ደግሞ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ቱሪስት በደህና በሚመጣበት ጊዜ የነበረው ሌላ ነው፣ ወደ ገዳማቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጥ ልጅ በአንድ ጠዋት የሚያገኘውን ብር አይቶ ደብተር ምን ያደርግልኛል ይላል፣ ወላጁም አይፈርድበትም።

እኔ ልጅ ሆኜ የነበረን ዳይሬክተር ደብዳቤ መጻፍ ተወ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ መጥቶ ከሰው ጋር ጠላውን ይዞ ቁጭ አለ። ሰው በልቶ ሲጨርስ ነው ቄሱን ፈቃድ ጠይቆ የተናገረው፣ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ልጆቻችሁን ስደዱ አላለም፣ "ለቀማውም ትምህርቱም እንዳይቀር እንዴት እናድርግ፣ እናንተ ምከሩኝ" ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ተከራክረው ልጅ ለቀማ የሚወጣው ከትምህርት መልስና ቅዳሜ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ፣ የራሳቸው ቃል ስለሆነ ያላከበረውን ጎረቤቱ ነው የሚወቅሰው። በርግጥ ያላከበረም ነበር፣ የኔ አጎት አንዱ ነው።

ሰው ወዳለበት መሄድ ነው እላለሁ ባጭሩ።

እህታችሁ ከቀበሌ 14

የዘጌ ልጅ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ባህር ዳር ከተማ ላይ ሰንበቴ ብቻ ከሄዳችሁ እኛ ሙስሊሞቹ ቀረን ማለት ነው፣ ከጁምዓ በኋላም መስጊድ በር ላይ ሰው ይገኛል፣ እሱንም አስቡት። ከሌላ አገር ተፈናቅለው መጥተው ተከራይተው ያሉትም እድር የላቸውም። ለነሱ ስልክ ወይም ቤት ለቤት ነው።

ፔዳ 3ኛ ዓመት

ሰላም፣ እኔ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ፣ የአማርኛ ትምህርት ክፍል። ግቢያችን ፔዳ የተባለው ከድሮው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፣ አስተማሪ ማሰልጠኛ ነበር፣ እና ቅዳሜ ቅዳሜ ዶርም ተኝቼ ከምውል ሶስት አራት ልጆች ሆነን ማንበብ ያቃታቸውን ማስነበብ እንችላለን፣ በነጻ። ማንን ነው የምናናግረው?

ጠመኔ

ጎሽ። ግን ዝም ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ከዲፓርትመንታችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ዳይሬክተሩን አስፈቅዱ፣ ክፍሉም በሩ ክፍት ሆኖ አንድ መምህር ወይ ወላጅ ባለበት ይሁን። የሰው ልጅ ነው።

የ5ኛ ለ እናት፣ ለብሩ ጉዳይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። ከወላጅ መዋጮ ሌላ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣ ስኩል ግራንት አለ፣ በምን ላይ እንደሚውል ከትምህርት ቤቱ ማሻሻያ እቅድ ጋር አብሮ ማየት የወተመህ ስራ ነው፣ ለፊርማ ብቻ አይደለም የተቀመጣችሁት። እቅዱን አሳዩኝ በይ። ሲኮሳተሩብሽ ፈገግ ብለሽ ድገሚው።

የ5ኛ ለ እናት

(ከአራት ሳምንት በኋላ) ጠፋሁ አይደል፣ ሪፖርት ይዤ መጣሁ።

ጠቅላላ ወላጅ መጥራቱን ተውነውና በ5ኛ ለ ብቻ ጀመርን፣ 58 ልጅ ነው። ክፍል ኃላፊዋ መምህርት መጀመሪያ "ማን ይደውላል ይሄን ሁሉ" ብላ ነበር፣ ተካፍለን ደወልን፣ ቁጥሩ የማይሰራውን ልጆቹን ተከትዬ ቤታቸው ሄድኩ። እሁድ ከሰዓት 9 ሰዓት አደረግነው። ዝናብ መጣ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር፣ ግን 37 ሰው መጣ፣ አባቶቹ 11። መዋጮ የሚል ቃል እንዳይነሳ ዳይሬክተሩን አስምዬዋለሁ።

ልጆቹ ጠመኔ እንዳለው አጠገባቸው ቁጭ ብለው አነበቡ። አንዲት አያት ነጭ ጋቢ ለብሰው አይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት፣ የተኙ መስሎኝ ነበር፣ ልጅቷ አንድ መስመር ስትዘል "ምነው ዘለልሽው" አሏት፣ ነገሩ ስላልገጠመላቸው።

እና የኔው ልጅ። 6ኛ የወጣው። አንድ አንቀጽ ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደቆመ አልነግራችሁም። ወተመህ ነኝ ብዬ የሰው ልጅ ስከታተል። ማታ ተኝቶ እስኪያንኮራፋ አላናገርኩትም፣ በሱ አይደለም የተናደድኩት። አሁን ቅዳሜ ፔዳዎቹ ጋ ከሚሄዱት 16 ልጆች አንዱ እሱ ነው (ልጆቹ ደብዳቤያቸውን ይዘው መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው)፣ ማታ ደግሞ ወጥ ስሰራ ያነብልኛል፣ ሽንኩርቱ አረረ እንጂ ትንሽ ለውጥ አለ።

ሂሳቡንም በትልቅ ወረቀት ጽፈን ግቢው በር ላይ ለጠፍነው፣ ገቢ ወጪ ቀሪ፣ የአምናው የአጥር ብርም አለበት። ድንጋዩ የተቆለለው ሲሚንቶ ስለተወደደ ብሩ አልበቃ ብሎ ነው፣ ቀሪው ባንክ ነው ያለው፣ ደብተሩን አይቼዋለሁ። ይሄን አምና ቢነገር ኖሮ ምን ነበረበት። የሽንት ቤቱ ቧንቧም ተገዝቷል፣ ገና አልተገጠመም።

ባለ ሶስት እግር

ወረቀቱን ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰው ሳላወርድ ቆሜ በስልኬ ደመርኩት። 120 ብር ይጎድላል።

የ5ኛ ለ እናት

ቧንቧውን ከገበያ ያመጣንበት የባጃጅ ኮንትራት ነው። ሾፌሩ ደረሰኝ የለኝም አለን።

ባለ ሶስት እግር

እሺ እሱን ተዪው። እሁድ ስንት ሰዓት ነው የ7ኛ ሀ?