ጌም «ጥሩ ነው» ስንል የምንናገረው ስለ ጌሙ ነው ወይስ ስለ ራሳችን?

ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ፣ ከማራኪ፦

ባለፈው እሑድ አመሻሽ ላይ ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ አንድ ጌም ቤት ሁለት ወጣቶች ለጠብ ተጋብዘው ነበር። ያጣላቸው ገንዘብ ወይም ተራ አልነበረም፤ አንደኛው የኮናሚ ኩባንያ የሠራው ፔስ 2013 እስከ ዛሬ ከወጡት የእግር ኳስ ጌሞች ሁሉ እንደሚበልጥ ሲናገር፣ ሌላኛው ፊፋን የሚያህል የለም በማለቱ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ሰው መካከል ገብተው «ለአንዱ የሚጥመው ለሌላው ይጎመዝዘዋል፤ በጣዕም ምን ያጣላችኋል?» ብለው ገላገሏቸው። ሰላም ማውረዳቸው መልካም ነው፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀርቷል ብዬ ስለማምን ወደዚህ የውይይት ቡድናችን ይዤው መጥቻለሁ። የአንድ ጌም ጥራት ከተጫዋቹ ስሜት ውጭ ያለና ሊመረመር የሚችል ነገር ነው ወይስ የየሰው ምርጫ ብቻ?

እኔ የመጀመሪያውን ወገን ይዣለሁ። «ወድጄዋለሁ» እና «ጥሩ ነው» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ እኔ ይናገራል፤ ወደድሁ ካልሁ ማንም «አልወደድህም» ብሎ ሊረታኝ አይችልም። ሁለተኛው ግን ስለ ጌሙ የተነገረ ስለሆነ ልክ ሊሆንም ሊሳሳትም ይችላል። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ በየጊዜው ራሱን ይዘጋና ምስሉ ይቆራረጥ ስለነበር፣ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ከመደብሩ አውርዶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ያው ጌም ለዓመታት ሲጠገን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ሁለት ነጥብ ዜሮ የተባለው ማሻሻያ ሲለቀቅ፣ ቀድሞ ካወገዙት መካከል ብዙዎቹ አመሰገኑት። በሦስት ዓመት ውስጥ የዓለም ሰው ጣዕም ተለወጠ ልንል አንችልም፤ ሥራው ነው የተለወጠው።

የጌም ቤት ባለቤት፣ ከፒያሳ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ድምዳሜህን ግን አልቀበለውም። በዚህ ሥራ ስኖር ከሁሉ በላይ የማየው የልጆቹን እጅ ነው። በፔስ ጎል የሚመታው በአራት ማዕዘኗ ቁልፍ ነው፤ በፊፋ ደግሞ በክቧ። በፔስ ያደገ ልጅ ፊፋ ላይ ተቀምጦ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ሲገናኝ አውራ ጣቱ ሳያስበው አራት ማዕዘኗን ይጫናል፤ ኳሷም ወደ ጎል መሄዷ ቀርቶ ወደ ላይ ተነሥታ ማንም በሌለበት ታርፋለች። ልጁ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ «ይሄ ደግሞ ጌም ነው?» ይላል። በማግስቱ በፊፋ ያደገው ልጅ ፔስ ላይ ተቀምጦ ክቧን ተጭኖ ያንኑ ቃል ሲደግም እሰማለሁ። ሁለቱም የፈረዱት በአውራ ጣታቸው ልማድ ነው፤ ሁለቱም ግን ስለ ጌሙ የተናገሩ ይመስላቸዋል።

ሌላም አለ። ልጆች በፔስ የቡድን ማስተካከያ ውስጥ ገብተው የፋሲል ከነማን ተጫዋቾች ስም አንድ በአንድ ጽፈው ዐፄዎቹን ከባርሴሎና ጋር ሲያጋጥሙ አይቻለሁ። ያን ቀን ግራፊክሱ አረጀ ያለ አንድም ልጅ አልነበረም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዜልዳ ጌም፣ ኦካሪና ኦቭ ታይም፣ የሐያስያንን ነጥብ አሰባስቦ አማካዩን በሚያወጣው ሜታክሪቲክ በተባለ ድረ ገጽ ላይ ከመቶ 99 ነጥብ ይዟል፤ እኔ ቤት በነጻ ብከፍተው ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚቀመጥለት አላገኝም። ባሕር ማዶ የተሰጠ ነጥብ ለጎንደር ልጅ ሚዛን የሚሆነው በምን ሥልጣን ነው? እኔ እስከማውቀው ጥሩ ጌም ማለት ወረፋ የሚያዝለት ጌም ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፦

ጋሼ፣ ስለ አውራ ጣት ልማድ ያሉት እውነት ነው፤ በራሴም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ልማድ ብቻውን የማያስረዳው ነገር በእርስዎው ቤት ውስጥ አለ። ከበሩ በስተግራ ባለው ሦስተኛው ማሽን ላይ የሚቀመጥ ልጅ ፔስም ቢከፈትለት ፊፋም ቢከፈትለት ያማርራል። ባለፈው ሳምንት ራሴ ተቀምጬ ሞከርሁት። ኳሷን ለመምታት ቁልፏን እጫናለሁ፤ አጥቂዬ እግሩን የሚያነሣው ግን ተከላካዩ ኳሷን ከወሰደ በኋላ ነው። አምስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። እንዲህ የሚሆነው ቴሌቪዥኑ የደረሰውን ምስል ለማሳመር ሲሠራ ስለሚዘገይ ነው፤ በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች መዘግየቱ ከመቶ ሚሊሰከንድ ይበልጣል።

በጌሞቹም መካከል እንዲሁ ያለ ልዩነት አለ። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም አንዱን ምስል ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ሲሆን፣ በሰከንድ 30 የሚያሳየው 33.3 ነው። ልጆቹ እነዚህን ቁጥሮች አያውቋቸውም፤ እጃቸው ግን ይለያቸዋል፤ «ይከብዳል»፣ «ስታክ ያደርጋል» የሚሉትም ይህንኑ ነው። ስሙን የማያውቁትን ነገር ሁሉም በአንድ ቃል ካማረሩ፣ ያማረሩበት ነገር ከእያንዳንዳቸው ስሜት ውጭ አለ ማለት ነው። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ምስል ማሳመሩን ቀንሶ መዘግየቱን የሚያሳጥር ጌም ሞድ የሚል ምርጫ ካለ፣ እባክዎ ለማንም ሳይነግሩ ያብሩትና ወረፋውን ይመልከቱ።

የአማርኛ መምህር፣ ከቀሐ፦

እኅቴ፣ ያቀረብሽው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ዳሩ ግን ቴሌቪዥኑ ጌሙ አይደለም። ከበሮው ስለተቀደደ ዜማው ከፋ አይባልም። ጥያቄውን ያነሣው ወንድማችን ያመጣው ምሳሌም የሚያሳየው ጌም ሊሰበር እንደሚችል ነው። ያልተሰበረ ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም፤ አስቸጋሪው ክርክር የሚጀምረው ሁለት ያልተሰበሩ ጌሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርሁ፤ የማውቀውን ሚዛን ላምጣ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ቤቱ ካልመታ ወይም ግሡ ከተሳሳተ የኔታ ተማሪውን ከመካከል ያቆሙታል፤ እዚያ ላይ «ለእኔ ግን ይጥመኛል» ብሎ የሚሟገት ተማሪ አላየሁም። ቤት የመታ ሁሉ ግን ቅኔ አይባልም። አንድ ማለዳ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ጉባኤ ቃናውን አሰምቶ ሲጨርስ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ዝም አሉና «እስቲ ድገመው» አሉት። ከእርሱ በፊት እኔ ያቀረብሁት ስሕተት አልተገኘበትም፤ ድገመው ግን አልተባልሁም። በዚያን ጊዜ አድልዎ መስሎኝ ቅር ተሰኝቼ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰሙና ወርቁ በአንዲት ቃል ላይ እንዴት እንደተገናኙ ሲገባኝ፣ የልጁ ቅኔ ለምን እንደሚበልጥ ራሴ ለሌላ ሰው ማስረዳት ቻልሁ። ወንድማችን ሥራው ተለወጠ ብሏል፤ በእኔ ታሪክ ግን ሥራው እንደነበረ ነው፣ የተለወጠው የእኔ ዓይን ነው። ቅኔው ቀድሞም የሚበልጥ ነበር፤ እኔ አላየሁትም።

ከዚህም በላይ አንድ ደረጃ አለ። ሁለቱን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ስልቶች፣ የጎንደርንና የተክሌን አቋቋም፣ ጠንቅቀው ከሚያውቁ ሁለት ሊቃውንት አንዱ የጎንደሩን፣ ሌላው የተክሌውን ቢያስበልጡ አንዳቸውም አላዋቂ አይባሉም። የጣዕም ትክክለኛ ቦታ እዚህ ነው። የምንሳሳተው ጣዕምን ከዚህ አውርደን ገና ዓይኑ ያልተከፈተ ሰው ሁሉ የሚሸሸግበት ስናደርገው ነው።

ከጌሞች ምሳሌ ካስፈለገ ቴትሪስ አለ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ ሲሠራው ታሪክ ወይም የሚያምር ሥዕል አልነበረውም፤ የነበሩት እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ የተሠሩ ሰባት ቅርጾችና ካሬዎቹ የሚወርዱበት ጠባብ ጉድጓድ ናቸው። ሆኖም አንድ ቅርጽ ያለ ቦታው ካስቀመጥህ ስሕተቱ እዚያው ተቀምጦ ቀጣዩን ውሳኔህን ያጠብብብሃል፤ ረድፉን ስትሞላ ደግሞ ሥራህ ከዓይንህ ይጠፋና የሚቀርህ ያልሞላኸው ብቻ ይሆናል። አንድም ቃል ሳይነገርህ ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ሕጉን ማወቅህም ከመሸነፍ አያድንህም። ይህን ስናገር «ደስ ይለኛል» አላልሁም፤ ማንም ተቀምጦ ሊያየው የሚችለውን በጌሙ ውስጥ ያለ ነገር ጠቆምሁ።

የሆስፒታል ሠራተኛ፣ ከአዘዞ፦

እኔ የማነሣው አጭር ነው። ሁላችሁም ጥራት ወይ በጌሙ ወይ በተጫዋቹ ውስጥ ያለ አድርጋችሁ ተናገራችሁ። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ባትሪ በሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር እጫወታለሁ። የደረስሁበትን ለማስቀመጥ ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቅ ጌም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ያሸነፍሁትን ጦርነት እንደገና ያዋጋኛል። የእኔ ጣዕም ነው እንዳልል፣ በእኔ ሰፈር የሚኖር ሁሉ ያንኑ ይላል፤ የጌሙ ጉድለት ነው እንዳልል ደግሞ መብራት በማይጠፋበት አገር ማንም አያስተውለውም። ፔስ 2013ም በየጌም ቤቱ ዕድሜው የረዘመው ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ጭምር ይመስለኛል።

ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ፦

የመምህሩን እርማት እቀበላለሁ፤ አለመሰበርንና ጥሩ መሆንን አንድ አድርጌ ማቅረቤ ስሕተት ነበር። ለአዘዞዋ እኅታችን የምመልሰው ግን አለኝ። ለደጋ የተሸመነ ወፍራም ጋቢ በመተማ ሙቀት አይለበስም፤ ይህ ግን የጋቢውን ጥራት የምርጫ ጉዳይ አያደርገውም። «የት? ለማን?» የሚለውን ጨምረን ከጠየቅን መልሱ እንደገና ቁርጥ ያለ ይሆናል፤ በጎንደር፣ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ፣ ቶሎ ቶሎ የማያስቀምጥ ጌም ጉድለት አለበት፣ ይህንንም ማንም ሊፈትነው ይችላል።

ጋሼ፣ በነጥብ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የብዙ ሰዎችን አስተያየት ደምሮ ማካፈል አስተያየቱን እውነት አያደርገውም፤ ለአንድ ጌም ለምን 99 እንደተሰጠው የሚያስረዳው ምክንያት ከቁጥሩ ይልቅ ይጠቅመኛል። ነገር ግን ወረፋም እንዲሁ ቁጥር ነው። አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ኢ.ቲ. የተባለውን ጌም በአምስት ሳምንት ገደማ አሠርቶ ለገና ገበያ ሲያደርሰው፣ በታዋቂው ፊልም ስም መጀመሪያ ላይ ብዙ ገዢ አግኝቶ ነበር። ገዢዎቹ ተጫውተው ካዩት በኋላ ግን ሽያጩ ወደቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ያልተሸጡ ካሴቶች ከሌሎች የኩባንያው ዕቃዎች ጋር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በተባለ ቦታ ተቀበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2014ም ጥቂቶቹ ተቆፍረው ወጡ። ወረፋው የተያዘው ለስሙ ነበር።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። ኩኩሉ የተባለችውን የስልክ ጌም፣ ከአሳዳጇ የምታመልጠውን ዶሮ፣ ስጫወት ያገሬ ልጆች ሥራ መሆኗ ልቤን ስለሚያሞቀው ከሚገባት በላይ እንደማመሰግናት አውቃለሁ። «ከሚገባት በላይ» ማለት መቻሌ ግን ከፍቅሬ የተለየ የሚገባት ልክ እንዳለ ያሳየኛል። ሁሉም ጣዕም ቢሆን ኖሮ ማጋነኔን የማውቅበት መንገድ አይኖረኝም ነበር።

የጌም ቤት ባለቤት፣ ከፒያሳ፦

ተማሪዋ ያለችውን አደረግሁ። ሐሙስ ጠዋት ቤቱን ስከፍት ብቻዬን ሆኜ በሦስተኛው ቴሌቪዥን ላይ ጌም ሞዱን አበራሁት፤ ለማንም አልተናገርሁም። እስከ ቀትር ድረስ ልጆቹ እንደ ወትሮው ሌላው ሲያዝባቸው ብቻ ነበር የሚቀመጡበት። ከሰዓት በኋላ አንዱ «አዲስ ጆይስቲክ ገዛህ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ፤ ጆይስቲኩ ያው የቀድሞው ነው። ቅዳሜ ዕለት ሌሎች ሁለት ማሽኖች ባዶ ሆነው ሳለ ለሦስተኛው ተራ የያዙ ሦስት ልጆች አየሁ። ስለዚህ እጅ የሚለየው ነገር እንዳለ አምኛለሁ፤ ይህንን ያህል ከአቋሜ ተመልሻለሁ።

የመምህሩን ሁለተኛ ደረጃ ግን ገና አልተቀበልሁትም። የኔታ ተማሪያቸውን ለዓመታት አስቀምጠው ዓይኑን ከፈቱለት፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ልጅ በአምስት ደቂቃ ካልጣመው ይነሣል፣ ያላየው ነገር አለ ብዬ ላስገድደው አልችልም። መምህር፣ ቴትሪስ ለማንም ሊታይ የሚችል ጥራት አለው ብለዋል። በመጪው ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አራተኛውን ማሽን ያለ ክፍያ ለቴትሪስ እለቃለሁ፤ እርስዎም መጥተው አጠገቡ ይቀመጡ፣ ለሚቀመጠው ልጅም አሁን የነገሩንን ይንገሩት። እኔ ዳር ቆሜ ስንቱ ሳይነሣ እንደሚቆይ አያለሁ።