የሙያ አማራጮች ዘጋቢ ፊልም በስልክ፦ ድምፅና መብራት

ጠያቂ፦ ተማሪዎች ስለ ብየዳ፣ ልብስ ስፌትና ሞባይል ጥገና የ15 ደቂቃ የሰፈር ዘጋቢ ፊልም በስልክ ሊቀርጹ ነው። ብየዳ ቤት ድምፅ እንዴት ይያዛል? አምፖሉስ ምስሉ ላይ ለምን ይርገበገባል?

መልስ 1፦ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር የሚለዋወጥ) ስለሆነ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጉት። ብዙ ስልኮች በራሳቸው 30 ላይ ናቸው፤ በእጅ የሚስተካከል መተግበሪያ ጫኑ።

መልስ 2፦ ብየዳ ሠራተኛውን ማሽኑ ሲቆም አናግሩት፤ ሥራውን ለብቻው ቅረጹ። ሌላ ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ በደረት ኪሱ ክተቱና ድምፅ ቅዱበት። መጀመሪያ አንዴ አጨብጭቡ፣ በኋላ ድምፅና ምስል ለማጋጠም። የብየዳውን ብልጭታ ግን ያለ ብየዳ መስታወት እናንተም አትዩት፣ ካሜራውም አይየው!

መልስ 3፦ ቃለ መጠይቁን «ስንት ታገኛለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሰው ይዘጋል። የመሣሪያ ዋጋና ለመልመድ የፈጀውን ጊዜ አስቀድሙ። ኤዲቱ ሳያልቅም ለባለሙያዎቹ አሳዩ፤ አለዚያ የጋራ ፊልም አይባልም።